ሆድ የባሰው ሰው ደሙም ይታይ

ሥራዬ ደም መቅዳት ነው። የምኖረው ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ነው። የካንሰር ሐኪሙም ሆነ የአእምሮ ሐኪሙ ፎቃቸው ለየቅል ነው፤ ትእዛዛቸው እኔ ጋ ሲደርስ ግን ክንዱ አንድ ነው። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ብልቃጥ ለደም ሴል ቆጠራ፣ ወርቃማው ለሆርሞን።

የእኛ ሰዎች ታማሚ ይዘው ሲመጡ ትኩሳቱን፣ ማስመለሱን፣ የእግሩን እብጠት ለሐኪሙ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ሰው አናግሩኝ አይልም» የሚለውን ግን የሚነግሩኝ እኔን ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። ለዶክተሩ ነግራችኋል ወይ ስላቸው፦ «ምን ብለን? ካንሰሩ አነሰና ደግሞ አበደ ይበሉን?»

ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ። የቴክሳሱ ተወላጅ ጄምስ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር ኖቤል የተሸለመው፣ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ፍሬን እንዳላቸውና ፍሬኑ ሲለቀቅ ካንሰርን እንደሚያጠቁ በማሳየቱ ነው። ከዚያ ሥራ የወጣው ኢፒሊሙማብ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ብዙ ሰው አትርፏል። ታዲያ ፍሬኑ የተለቀቀ ሴል አንዳንዴ የራስን ዕጢ ያጠቃል፤ ታይሮይድን፣ ወይም አንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ። ፒቱታሪው የተጎዳ ሰው ጉልበት ያጣል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ዝም ይላል። ቤተሰቡ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ይላል። የጎደለው ኮርቲዞል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ በክኒን ይተካል። ጸበል መሄዱን አልቃወምም፣ እናቴም ትሄዳለች፤ ክኒኑን ግን አይተካም።

የተከላካይ ሴሎች ምርምር የፈረንጅ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ ባለው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ዶክተር አበበ ሐረገወይን ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1983 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። በከባዱ የሥጋ ደዌ ዓይነት የታመሙ ሰዎች ቲ ሴሎች የተባሉት ተከላካይ ሴሎች ተህዋሲውን እያዩ አይነቃነቁም ነበር። ከሌሎች ቲ ሴሎች የወጣ ፈሳሽ ሲጨመርላቸው ነቁ። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ከያዛቸው መልእክተኞች አንዱ ኢንተርሊዩኪን-2 ነው፤ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር መድኃኒትነት ተፈቀደ። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የተምታታባቸውና የሌለ ነገር የታያቸው ነበሩ። ለጉበት ቫይረስ ይሰጥ የነበረው ኢንተርፌሮንም ብዙዎችን ድባቴ ውስጥ ከቷል። ሴሎች የሚላላኩበት ኬሚካል አእምሮንም ይነካል ማለት ነው።

እዚሁ ዳላስ፣ ዩቲ ሳውዝዌስተርን የሚሠሩት የአእምሮ ሐኪም ማዱካር ትሪቬዲና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክት በደም ውስጥ ያለው መጠን የትኛው የድባቴ መድኃኒት ለማን እንደሚሻል ሊጠቁም እንደሚችል አሳይተዋል። መቶ ገደማ ሰው ላይ የተደረገ ነው፤ ድባቴ ሁሉ ብግነት ነው የሚል ካለ አትመኑት። ስደቱም፣ ብቸኝነቱም፣ የቤት ኪራዩም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ የ14 ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አባቱ ሌሊት እንደሚያለቅስ በምን አንደበቱ ለሐኪም ይናገር? አስተርጓሚ ይምጣልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ገንዘብ አትከፍሉም። የሚባለውም ቀላል ነው፦ «ይህን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ጠባዩ ተለውጧል፤ ታይሮይዱና የጠዋት ኮርቲዞሉ ይታይልን።» ኮርቲዞል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ በጊዜ ኑ። ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ራስን የማጥፋት መከላከያ መስመር ወደሆነው 988 ደውሉ።