የእርባታ ዓሣ መኖ፦ ኩዌት ከባሕር ጥገኝነት ትላቀቅ ይሆን?

በሳልዋና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የዓሣ ዋጋ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በኩዌታውያን ማዕድ ትልቅ ስፍራ ያለው ዙቤይዲ ቁጥሩ እንዳይመናመን በየዓመቱ በመራቢያው ወቅት እንዳይጠመድ ይታገዳል። ባሕሩ ብቻውን ፍላጎቱን ስለማያሟላም አገሪቱ ትኩረቷን ወደ ዓሣ እርባታ አዙራለች። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የኩዌት የሳይንስ ምርምር ኢንስቲትዩት ሱበይቲንና ሐሙርን በእርባታ ለማምረት ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል። በወፍራና በአብደሊ እርሻዎች ደግሞ ቲላፒያ፣ በእኛ አገር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ፣ ይረባል።

ዋናው ጥያቄ እነዚህ ዓሦች ምን ይመገባሉ የሚለው ነው። የእርባታ ወጪ ግማሽ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠው፣ ለመኖ የሚወጣ ነው። በመኖው ውስጥ ውድ የሆነው የዓሣ ዱቄት የሚዘጋጀው ከትናንሽ የባሕር ዓሦች ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ ዓሣ ያስፈልጋል። የዱቄቱ ዋና አምራች ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በኤልኒኞ ሳቢያ የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወቅት ስትሰርዝ ዋጋው በዓለም ገበያ ንሯል።

አማራጩ የዕፀዋት ፕሮቲን፣ በተለይም አኩሪ አተር ነው። በኖርዌይ የሳልሞን መኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ዘጠና በመቶ ገደማ ከባሕር የተገኘ ነበር፤ በ2013 ወደ ሠላሳ በመቶ ወርዷል።

ይሁን እንጂ ለውጡ ቀላል አይደለም። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውክ ንጥረ ነገር ስላለው በሙቀት መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድም ስለሚያንሰው ይጨመርበታል። እንደ ሐሙር ያሉ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ዝርያዎች የዕፀዋት ድርሻ ሲበዛባቸው እድገታቸው ሊቀንስ ይችላል። ቆሮሶ ግን በተፈጥሮው አልጌና ዕፀዋት ስለሚመገብ በቀላሉ ይለምደዋል። በኢትዮጵያም የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ለመኖነቱ ተሞክረዋል።

በረሃማዋ ኩዌት አኩሪ አተርን ከውጭ ማስገባቷ አይቀርም። ስለዚህ የመኖው ለውጥ የባሕሩን ጫና ቢያቀልም፣ ጥገኝነቱን ከውቅያኖስ ወደ ሌሎች አገሮች ማሳ ከማዛወር አያልፍም። ከመኖው ምርጫ እኩል የዓሣው ዝርያ ምርጫ ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በርካሽ መኖ የሚያድገው ቆሮሶ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሸማች ተስፋ ሲሆን፣ የሐሙርና የሱበይቲ ዋጋ ግን ገና ለረጅም ጊዜ ከዓሣ ዱቄት ገበያ ጋር ተሳስሮ የሚቆይ ይመስላል።