የድረ ገጹ ስም በማን እጅ ነው?

የንግድ ቤት ስም የነጋዴው ሀብት መሆኑን ለዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። ላኪው ስሙን በጆንያው ላይ፣ አስመጪው በማኅተሙ ላይ፣ ባለሱቁም ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ያጽፈዋል፤ ሌላ ሰው ይህንኑ ስም ይዞ ሊነግድበት ቢነሣ ዝም ብሎ የሚመለከት ነጋዴ አይገኝም። ዳሩ ግን ይኸው ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስሙን በኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ፣ ሥራውን የያዘለት ሰው ስሙን በማን ባለቤትነት እንዳስመዘገበው ሳይጠይቅ ይቀራል።

በቀድሞው ጊዜ ታላላቅ የንግድ ቤቶች በደብዳቤ ወረቀታቸው ራስጌ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ቀጥሎ፣ የቴሌግራም አድራሻ ያሳትሙ ነበር። አድራሻውም ለዚያ ንግድ ቤት ብቻ የተመዘገበ አንድ አጭር ቃል ስለ ነበረ፣ ከባሕር ማዶ የሚላከው ትእዛዝ በዚሁ ቃል ተመርቶ ይደርስ ነበር። በአገራችን በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ የዚያን ቃል ቦታ ቀስ በቀስ የያዘው የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ባለሙያዎቹ ዶሜይን ይሉታል፤ መጨረሻው ‹‹ዶት ኮም›› ወይም የአገራችን ምልክት የሆነው ‹‹ዶት ኢቲ›› የሚሆነው ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሶዶ ሰዎች ዛሬ ከትናንት ይልቅ ያሳስባል። ከተማችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ የሚመጣው እንግዳና ባለጉዳይ ሆቴሉንም የግንባታ ዕቃ መደብሩንም ገና ከቤቱ ሳይወጣ በእጅ ስልኩ ይፈልጋል። ዝንጅብል፣ ቡናና ቦሎቄ ከአካባቢያችን ሊገዛ የሚያስብ የውጭ አገር ደንበኛም ናሙና ከመጠየቁ በፊት የላኪውን ስም ጽፎ ይመለከታል፤ ያጣው እንደ ሆነ ይህ ቤት በእርግጥ መኖሩን መጠራጠሩ አይቀርም።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ዕቃ ከመቍጠር ነው። ዶሜይኑ እንደ ቦታ ካርታ ነው፤ የባለይዞታው ስም የሚጻፍበት እርሱ ነው። ሆስቲንግ የሚባለው፣ ይኸውም ጽሑፉና ሥዕሉ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ፣ እንደ ተከራዩት ቤት ነው፤ ከአከራዩ ጋር ያልተስማማ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። የገጹ አሠራርና ውበት ደግሞ የአናጢውና የቀለም ቀቢው ድርሻ ነው። ቀለም ቀቢ ሥራውን ሲጨርስ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ የቤቱን ካርታ ይዞ አይሄድም። በድረ ገጽ ሥራ ግን ካርታውን ይዞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ቀለም ቀቢው ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆን አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ በከተማችን አለ፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ድረ ገጹን የሠራለት ጎበዝ ወጣት ነበረ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሥራውንም በሚገባ ሠርቶ አስረክቧል። ነገር ግን ዶሜይኑን ያስመዘገበው በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ስልኩን ለወጠ፣ የቀድሞውን ኢሜይል መክፈትም ተወ። የምዝገባው ዘመን ማለቁን የሚያስታውቁት ደብዳቤዎች ሁሉ ወደዚያ ወደማይከፈት ሣጥን ገቡ። ነጋዴው ነገሩን የሰማው አንድ ደንበኛ ደውሎ፣ ‹‹ገጻችሁን ብከፍት የቁማር ማስታወቂያ ወጣብኝ፤ ምን ሆናችሁ ነው?›› ባለው ቀን ነው። ስሙ ተለቅቆ ሌላ ሰው ገዝቶታል። አድራሻው የታተመባቸው ጆንያዎች ገና በመጋዘን እንደ ተከመሩ ነበሩ። በዚሁ ስም የተከፈተው ኢሜይልም አብሮ ስለ ተዘጋ፣ በእነዚያ ሳምንታት ከገዢዎች የተጻፉት ደብዳቤዎች የት እንደ ገቡ የሚነግረው አልተገኘም።

ይህ የአንድ ሰው ክፉ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ደንቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። የዶሜይንን ሥርዓት በዓለም ላይ የሚያስተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን የተባለው ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ መዝጋቢው ኩባንያ ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ኋላም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወቂያ ይልካል፤ ካለቀ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ ይደግማል። ዶት ኮም ለሆነ ስም ከዚያ ወዲያ እንደ መዝጋቢው ልማድ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የይቅርታ ጊዜ አለ፤ ቀጥሎ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን፣ በመጨረሻም 5 ቀን አለ፤ ከዚህ በኋላ ስሙ ለቀደመው ሁሉ ክፍት ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ በጨረታ ይሸጠዋል። ማስታወቂያው የሚላከውም በመዝገቡ ላይ ለተጻፈው ኢሜይል ነው እንጂ፣ ሰሌዳው በራፉ ላይ ለተሰቀለው ነጋዴ አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም። የውጭ አገር መዝጋቢ የሚቀበለው ዶላር ነው፤ ያውም በካርድ። የዶት ኮም ስም በዓመት ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ገደማ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ብዙው ነጋዴ ለዚህ የሚሆን ካርድ ስለሌለው፣ ካርድ ያለው ዘመድ ወይም ራሱ ሠሪው ይከፍልለታል፤ የከፈለውም ሰው በገዛ ስሙ ይመዘግበዋል። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ከፋይና ባለቤት ሁለት መሆናቸው ነው። ገንዘቡን ማንም ይክፈለው፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ የንግድ ቤቱ ይሁን። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ ባንድ ጊዜ ሊከፈልበት ስለሚቻል፣ ባለካርዱ ዘመድ በተገኘ ጊዜ የአምስቱን ወይም የስድስቱን ዓመት ማስከፈል በየዓመቱ ከመለመን ያድናል። ከዶላር ጣጣ መራቅ ለሚፈልግ ደግሞ ዶት ኢቲ የሆነው ስም ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገኛል።

ለምዝገባው የሚሰጠው ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ስም የተከፈተ አይሁን። ዶሜይኑ ሲዘጋ ኢሜይሉም ይዘጋልና፣ ማስጠንቀቂያው በተቆለፈ ቤት ውስጥ ይቀራል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክም የቤቱ ስልክ ይሁን። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ። የእድሳቱ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሰጥ በእኛ አቆጣጠር ተመልሶ በቀን መዝገብ ላይ ይጻፍ። ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ የሆናችሁ ጸሐፊዎች አለቃችሁ እስኪያስታውሳችሁ አትጠብቁ፤ እርሱ ቀን ተሌት ሐሳቡ ሁሉ በጭነቱ ላይ ነው።

አንዳንድ ወዳጆች፣ ‹‹ቴሌግራምና ፌስቡክ በነጻ ሳሉ ለድረ ገጽ ለምን እንደክማለን?›› ይላሉ። ልብስና ጫማ ለሚሸጥ ባለሱቅ አነጋገራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ደንበኛው የሚውለው እዚያ ነውና፣ ይተዋቸው አልልም። ነገር ግን በሰው በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚነግድ ሰው በረንዳው ሲዘጋ መነሣቱ ግድ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው አምስት ወር ያህል ሲቆዩ፣ የቀረው ኢንተርኔት ይሠራ ስለ ነበር የራሱ ገጽ ያለው ነጋዴ ዋጋውንና ስልኩን የሚያሳይበት ስፍራ አላጣም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በሙሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቆየ ጊዜ ግን ለአገር ውስጥ ገዢ የማንም ገጽ አልተከፈተለትም፤ ሆኖም ሰርቨሩ በውጭ አገር የሆነ ገጽ ከባሕር ማዶ ለሚመለከተው ሰው አይዘጋም። ስለዚህ ደንበኞቹ በአገር ውስጥ ያሉ ነጋዴ በብር የሚከፈለውን የአገር ውስጥ ሆስቲንግ፣ ላኪው ግን የውጭውን ቢመርጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ገጹ አሠራር ብዙ መናገር አያሻም፤ ሠሪዎቹ ይበልጥ ያውቁታል። ዳሩ ግን ሠሪው ከሌላ ከተማ ሲሆን የማያስተውለው፣ የአገሩ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ‹ዲ›፣ ሌላው በሁለት ‹ዲ› ይጽፈዋል። ወላይታንም አንዱ በ‹አይ›፣ አንዱ በ‹ዋይ›፣ ሌላው ደግሞ በሁለት ‹ቲ› ይጽፈዋል። በጉራጌ አገርም ሶዶ የሚባል ወረዳ አለ። ስለዚህ ‹‹ሶዶ›› ብቻ ብሎ የጻፈ ነጋዴ ገዢውን ወደ ሌላ አገር ሊሰድደው ይችላልና፣ ሙሉውን ስም፣ የተለመዱትንም አጻጻፎች በገጹ ውስጥ ማስገባት ይገባዋል። በአማርኛም ቢሆን ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ቃል ‹‹ጸሀይ›› ብሎ የሚፈልግ ብዙ ነው።

የዋጋ ዝርዝሩን ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በዘመናዊ ስልክ ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ ፎቶግራፉን ግን መፈለጊያው በሚገባ አያነበውም። ከዚህም በቀር በዛሬ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ሦስትና አራት ሜጋባይት ይሆናል። አሥሩ ባንድ ገጽ ቢለጠፍ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ሆኖ ዳታውን በብር የሚገዛ ደንበኛ እስኪከፈትለት አይቆይም፤ እያንዳንዱ ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነስ በስልክ ላይ ለዓይን ልዩነቱ አይታወቅም።

ለላኪዎች ደግሞ የቀን ነገር አለ። ‹‹ዋጋው እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 የጸና ነው›› የሚለውን ሠሪው ቃሉን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ቁጥሩን እንዳለ ቢተወው፣ የውጭው ገዢ የሚያነበው ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ዋጋ ነው፤ የእኛ መስከረም 30 ቀን 2018 ለእርሱ ጥቅምት 10 ቀን 2025 ነውና።

አስመጪዎች የሌላውን ገጽ ሲመለከቱ አንድ ነገር ያስተውሉ። በአድራሻው አጠገብ ይታይ የነበረው የቁልፍ ምልክት መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ ሻጩ ታማኝ መሆኑን አያስረዳም። ጉግልም ሰዎች እየተሳሳቱበት መሆኑን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2023 በክሮም ማሰሻው ላይ ምልክቱን ለውጦታል። የሻጩን ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ዶሜይን መግዛት ለአጭበርባሪ ቀላል ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ከተላከ በኋላ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ተለውጧል የሚል ኢሜይል ቢመጣ፣ አስቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጡ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ወደ ተነሣንበት ነገር ስንመለስ፣ ስሙ አሁን በሌላ ሰው እጅ ያለ ነጋዴ ሳይቃጠል በቅጠል ይበል። በመጀመሪያ አይካን ባዘጋጀው የምዝገባ መፈለጊያ ላይ ዶሜይኑን ጽፎ መዝጋቢው ማን እንደ ሆነና ዘመኑ መቼ እንደሚያልቅ ይመልከት፤ ክፍያ የለውም። የባለቤቱ ስም ብዙውን ጊዜ ተሸፍኗል፤ ቀኑ ግን ይታያል። ከዚያም ገና ወዳጅነቱ ሳለ፣ ሠሪው የመዝገቡን ስምና ኢሜይል እንዲለውጥ፣ ወይም የማዛወሪያውን ኮድ እንዲሰጥ ይጠይቀው። ስሙ የንግድ ቤቱ መሆኑን በኢሜይል አንድ መስመር ቢያጽፈውም ይጠቅማል፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ ጽሑፍ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን አያጣም። ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ 60 ቀን ያልሞላው ስም ብዙውን ጊዜ እንደ ገና ስለማይዛወር፣ ሥራውን ወደ ዘመኑ ማብቂያ ማቆየት አይበጅም። ሠሪው ለድካሙ ጥቂት ገንዘብ ቢጠይቅ ይከፈለው። ኮዱ ከተገኘ ማዛወሩ አምስት፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ያህል ይፈጃል፤ የሰርቨሩ አድራሻ እስካልተነካ ድረስም ገጹና ኢሜይሉ በዚያ መካከል ሥራቸውን አያቋርጡም።