ክዳኑ ሳይከፈት የሚቆረጥ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር የእጅ ሰዓት በ3,115,500 የስዊስ ፍራንክ ሸጠ። ከጨረታው በፊት የተሰጠው ግምት ከ80,000 እስከ 120,000 ፍራንክ ነበር። ተጫራቾቹን ካንሰፈሰፋቸው ነገር ዋነኛው የሰዓቱ ፊት ነው፤ ጥቁር የነበረው ቀለም በዘመን ብዛት ወደ ቡናማ ተለውጦ ነበር፤ ሰብሳቢዎች «ትሮፒካል» እያሉ የሚያሞግሱት መልክ ነው። ገዢው ሰዓቱን የሠራው ኩባንያ፣ ራሱ ኦሜጋ ነበር። በ2023 ግን ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በተለቃቀሙ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም የገዛ የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት አስታወቀ።

ብዙዎች ይህን የጥቂት አጭበርባሪዎች ታሪክ አድርገው አልፈውታል። እኔ አልስማማም። አጭበርባሪ ገበያው የሚከፍልበትን ነው የሚሠራው። ከከፍተኛው ግምት 26 እጥፍ አውጥቶ ቡናማ ፊት የሚገዛ ገበያ፣ ቡናማ ፊት ለሚያዘጋጁለት ሰዎች ደመወዝ እየከፈለ ነው። ያ ቀለም እኮ ሲፈተሽ የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ የዚያ ዘመን ጥቁር ቀለም ብርሃንን መቋቋም ስላቃተው ነው የተለወጠው። ስለ ማሽኑ ጤንነት አንዲት ነገር አይናገርም። በሙቀትና በብርሃን ሆን ብለው ቡናማ የሚያደርጉትም አሉ።

የዚህ ተገላቢጦሽ የሆነው ስሕተት ደግሞ እኛም ቤት ይገኛል። የአባቱን ሰዓት ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «እንደ አዲስ» ስለማስደረግ ነው። ቀፎው ይወለወላል፣ መስታወቱ ይቀየራል፣ ፊቱ እንደገና ይቀባል። የተጫረ የፕላስቲክ መስታወት መቀየሩ ብዙም አይጎዳም። ቀፎና ፊት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ብረት በተወለወለ ቁጥር ይላጣል፤ ፋብሪካው ስል አድርጎ የተወው ጠርዝ ይዶለዱማል፤ ማሰሪያው የሚያዝባቸው አራቱ ጫፎች ይሳሳሉ። እንደገና የተቀባ ፊት ደግሞ ጽሑፉ ይወፍራል፣ የደቂቃ መስመሮቹም ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር አልገጥም ይላሉ። ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የሰዓቱን ዋጋ አስቀነሰ ማለት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሳይነካው ቢያቀርበው የተሻለ ያገኝበት ነበር።

ቡናማውን የሚያመልከውም አዲስ መምሰሉን የሚያመልከውም ዋጋ የሚቆርጡት መልክ አይተው ነው። ፊት ላይ መፈለግ ያለበት ግን ማስረጃ ነው። በጨለማ የሚያበራውን ቀለም እንውሰድ። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለዚህ በብዛት የሚያገለግለው ራዲየም ነበር፤ በኋላ በትሪቲየም ተተካ፤ ከፊቱ ግርጌ «ስዊስ» በሚለው ቃል ግራና ቀኝም «ቲ» የሚል ፊደል ይታተም ጀመር። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ ግማሹ ያልቃል፤ ስለዚህ የ1965 ሰዓት ዛሬ በጨለማ ሊያበራ አይገባም። ራዲየም እንኳ ግማሹ ለማለቅ 1,600 ዓመት ቢፈልግም፣ አብሮት ያለውን አብሪ ዱቄት ካቃጠለው ቆይቷል። (ጨረሩ ግን አሁንም አለና ቀለሙን መፋቅ ለጤና አደገኛ ነው።) የ1958 ነው ተብሎ የቀረበ ሰዓት መብራት አይቶ ሌሊቱን ሲያበራ ካደረ፣ ቀለሙ የተቀባው በኋላ ነው። ነጥቦቹ ቢጫ ሆነው ቆጣሪዎቹ ነጭ ከሆኑም ከሁለቱ አንዱ እንግዳ ሊሆን ይችላልና ሻጩ ምክንያቱን ይናገር።

ከዚያ ማሽኑ አለ፤ ገዢዎች በብዛት የሚዘልሉት እሱን ነው። ሻጭ «ልክ ይሄዳል» ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ዘይቱ የደረቀ ሰዓትም ለጊዜው ልክ ሊሄድ ይችላል፤ እየሄደ ግን ራሱን ይበላል። የምት መለኪያ ላይ ሲቀመጥ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ብቻ ሳይሆን፣ ውስጡ ያለው ሚዛን ወዲያና ወዲህ ሲል ምን ያህል እንደሚዞርም ይታያል። አብዛኛው ጤናማ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በጀርባው ሲተኛ 270 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያሳያል። ከ200 በታች የወረደ ሰዓት በቀን አምስት ሰከንድ እንኳ ባይስት በቅርቡ ሠሪ ዘንድ መሄዱ አይቀርም። በመሙያው ዘንግ ዙሪያ ዝገት ካለ ደግሞ ውኃ ገብቷል፤ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር።

ተገቢ ዋጋ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ ተመሳሳይ ሞዴል፣ በተመሳሳይ ይዞታ፣ በእርግጥ ተሽጦ ካስገኘው ገንዘብ ላይ ለሰርቪስና ለጎደለው ክፍል የሚወጣው ሲቀነስ። የተጠየቀ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ መለኪያ አይሆንም። በጋዜጣ የሚወጣው የጨረታ ዋጋም ገዢው ለአጫራቹ የሚጨምረውን ሩብ ገደማ ኮሚሽን የያዘ ነው፤ ሻጩ እጅ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

«ገዢ የከፈለው ዋጋ ትክክለኛ ዋጋ ነው» የሚሉኝ አሉ። ገዢው የሚገዛውን ካወቀ እውነት ነው። የስፒድማስተሩ ገዢ ግን ሰዓቱን የሠራው ኩባንያ ሆኖ ሳለ አላወቀም። ታሪክም እንደ መልክ ሁሉ ያሳውራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ ለጨረታ አቅርቦ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሣበት ለማውጣት ተገድዷል። የንጉሥ ስም ዋጋ ይሰቅላል፤ ሰዓቱ ከማን እጅ እንዴት እንደወጣ ግን አስቀድሞ መጣራት ነበረበት።

ስለዚህ ከአጫራቾች የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ከእያንዳንዱ አሮጌ ሰዓት ፎቶ ጎን ክዳኑ ተከፍቶ የተነሣ የማሽኑ ፎቶ፣ የምት መለኪያው ያሳየው ቁጥር፣ የተቀየሩት ክፍሎች ዝርዝርና ሰዓቱ ያለፈባቸው እጆች ይታተሙ። በየሱቁ ያለ ሻጭ ደግሞ ቢያንስ ክዳኑን ይክፈትልን፤ እሱን ለማድረግ የሚያስፈልገው መክፈቻና ሁለት ደቂቃ ነው።