ዝቃጭ በእርሻ ላይ ሳይበተን ስለ መመርመር

መሬት የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ምን እንደ ተቀበለ ጠይቆ ማወቅ የሹምና የባለመሬት ግዴታ ነው። ከከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስላለበት አዝመራን እንደሚያፋፋ የሚክድ የለም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ፒፋስ የሚባሉት የፍሎሪን ኬሚካሎች በዚሁ ዝቃጭ ተሰውረው ወደ እርሻ እንደሚገቡ ታውቋል። ውሃ ለማያስገባ ልብስ፣ ለመጥበሻ፣ ለእሳት ማጥፊያ አረፋ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ማሰሪያ እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ፤ በአፈር ውስጥ ዘመን ይቈጥራሉ እንጂ በስብሰው አያልቁም።

በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት የደረሰው ነገር ማስረጃ ይሁነን። በዚያ ገበሬዎች ዝቃጩን ማዳበሪያ ነው ተብለው በፈቃድ ለብዙ ዓመት በተኑት። ኋላ ግን መርዙ በአፈሩ፣ በጕድጓድ ውሃውና በላም ወተት ተገኘ፤ ሥራቸውን የተዉም አሉ። ግዛቲቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የተበተነባቸው ቦታዎች ይመርመሩ ብላ ደነገገች፤ በ2022 ደግሞ መበተኑን ፈጽማ ከለከለች፤ ለተጐዱትም ገበሬዎች 60 ሚሊዮን ዶላር መደበች።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከእርሻው ከልዩ ልዩ ስፍራ አፈር ተወስዶ በንጹሕ ዕቃ ይታሸጋል። ቴፍሎን ያለበት ዕቃ ራሱ ውጤቱን ስለሚያበላሽ፤ ናሙና ሰብሳቢው ከዚህ ይጠንቀቅ። በላቦራቶሪም ኬሚካሉ በሜታኖል ከአፈሩ ተለይቶ ይጣራል፤ ከዚያም የቅንጣቱን ክብደት በሚለይ መሣሪያ ይለካል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 ያጸደቀው 1633 የተባለው ደንብ 40 ዓይነቶችን ይለካል። የሚፈለገውም መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከቢሊዮን አንድ እጅ ማለት በ1000 ቶን አፈር ውስጥ 1 ግራም ነው።

ሆኖም የፒፋስ ዓይነት በሺሕ ስለሚቈጠር፤ ከ40ዎቹ አንዱ አልተገኘም ማለት መሬቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሌሎቹም በአፈር ውስጥ ቈይተው ወደ ተለኩት ዓይነቶች የሚለወጡ አሉ።

ምርመራው ውድ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዝቃጭን ከመበተን መከልከል በአንድ ቀን ይቻላል፤ የተበተነውን መርዝ ከሰፊ እርሻ ማውጣት ግን እስከ ዛሬ የሚያዋጣ ዘዴ አልተገኘለትም። ከዋጋው ይልቅ የሚያሠጋው ፍርሃት ነው፤ ባለመሬቱ ቢያስመረምር የመሬቱ ዋጋ እንዳይወድቅ፣ ወተቱንም የሚገዛው እንዳያጣ ይፈራልና።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ዝቃጩ ሳይበተን ይመርመር፤ ዋጋውንም ተቀባዩ ገበሬ ሳይሆን ሰጪው ይክፈል። ከየት መጥቶ በየትኛው እርሻ እንደ ወደቀ በመዝገብ ይጻፍ። መሬቱ ተበክሎ የተገኘበት ሰው እንደ ጥፋተኛ አይታይ፤ ይረዳ እንጂ። ይህ ካልሆነ ማንም ደፍሮ አያስመረምርም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መሸሸግ የሚጠቅም መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ ሹም ግን ከበሽተኛው ይልቅ ተጠያቂ ነው።