ዘይት የሚበላ ሞተርና የነጋዴው መዝገብ

ብዙ ነጋዴዎች የአሮጌ መኪናቸውን የነዳጅ ወጪ በመዝገብ ያሰፍራሉ፤ በየሳምንቱ የሚጨመረውን የሞተር ዘይት ግን በልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ጥለው ይረሱታል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። ዘይቱ ሳይታወቅ የጎደለበት ሞተር አንድ ቀን በመንገድ ላይ ደርቆ ሲቆም፥ ባለቤቱን ከነጭነቱ ለከባድ ኪሣራ ይዳርጋልና።

ሆኖም ሰማያዊ ጭስ በታየ ቁጥር ሞተሩን አውርዶ መበተን ችኮላ ነው። አስቀድሞ ዘይቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጭሱ መኪናው አድሮ ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ቢሆን፥ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ይኸውም ሙሉ ሞተር ከማደስ ባነሰ ወጪ ይለወጣል። በዳገትና በጭነት ጊዜ የሚበረታ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻ ማለቁን ያመለክታል። በቤንዚን ሞተር፥ ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ብሎ ተለክቶ፥ በሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ዳግመኛ ሲለካ ከፍ ካለ፥ ጥርጣሬው ይጸናል። ወፍራም ዘይት መጨመር በሽታውን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የልኬቱን ውጤት በጽሑፍ ሳይቀበል ለትልቅ ጥገና ገንዘብ ሊከፍል አይገባውም። ሚዛን ሳያይ ቡና የማይገዛ ሰው፥ ሞተሩን ሳያስለካ ስለምን ያስፈታል?