ሠርቶ መብላት ለሁሉ ይገባል

ምጽዋት መስጠት መልካም ምግባር ነው፤ ነገር ግን ሠርቶ ለመብላት የሚችለውን ሰው ዕድሜውን ሁሉ ተመጽዋች አድርጎ ማኖር መልካም ሊባል አይገባውም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ የሚያሳድጉ አባትና እናት ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው «እኛ ከሞትን በኋላ ማን ያበላዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ቡና ይለቀማል፥ ጫት ይታሰራል፥ ገበያ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ ስለ ሆነ፥ በትዕግሥት የሚያሳየው ቢያገኝ እንዲህ ያለው ሰው ሊማረው ይችላል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው ጭምር ከሥራ እንዳይገለል ደነገገ፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከሌሎች ጋራ በእኩልነት የመሥራትን መብት ያረጋግጣል።

ይሁን እንጂ አዋጅ በወረቀት ቢቀር እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ሹሙ በጽሕፈት ቤቱ፥ ካህኑም በደብሩ አንድ አንድ ሰው ቢቀጥሩ፥ ለብቻው ሳይለዩ ከሌሎች ሠራተኞች መካከል አቁመው ሥራውን ጥቂት በጥቂት ቢያስተምሩትና የድካሙን ዋጋ ሳያጓድሉ ቢከፍሉት፥ ነጋዴውም አይቶ ይከተላቸዋል። በዚያን ጊዜ ወላጁ የሞተበት ልጅ የሰው እጅ ከማየት ድኖ በገዛ እጁ ሥራ ይኖራል።