ቅርፊቱ ሳይሆን ታሪኩ ነው የሚሸጠው

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የ«ቫይታሚን» ብልቃጥ አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱ ከፓይን ዛፍ ቅርፊት የሚሠራው ፒክኖጀኖል ነው። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም፣ ለጉልበት ሕመም ይባላል። አንድ ኪኒን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነው ሲባል መጠርጠር ደግ ነው።

ዛፉ የእኛ አገር ጥድ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በስፋት የተተከለ ፓይን ነው። ታሪኩን ግን ከካናዳ ያስጀምሩታል። እ.ኤ.አ. በ1536 የፈረንሳዊው አሳሽ የዣክ ካርቲዬ መርከበኞች በስከርቪ ሲያልቁ የአገሬው ሰዎች የዛፍ ቅጠልና ቅርፊት አፍልተው አዳኗቸው። ይህ እውነት ነው። ዛፉ የትኛው እንደነበር ግን ዛሬም ያከራክራል። በሽታውም የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበር። ታዲያ ከግፊትና ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

ወደ ማስረጃው እንምጣ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ሙከራዎችን አየ። ተሳታፊዎቹ በድምሩ 1,641፣ በሽታዎቹ 10 ዓይነት ናቸው። ለአንድ ሙከራ በአማካይ 60 ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ድምዳሜው ግልጽ ነው፦ ይሠራል ለማለትም፣ ጉዳት የለውም ለማለትም ማስረጃው አይበቃም።

ታዲያ እንዴት ይሸጣል? የአሜሪካ የ1994 ሕግ ምርቱን የሚመድበው ከምግብ ማሟያ እንጂ ከመድኃኒት አይደለም። ሻጩ ፈዋሽነቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ብልቃጡን አገላብጡት፤ በሽታን ለማከም የታሰበ እንዳልሆነ በደቃቅ ፊደል ታገኛላችሁ።

«የባህል መድኃኒት ትንቃላችሁ» የሚሉን አይጠፉም። አንንቅም። ዪው የሚባለው ዛፍ ቅርፊት ለምርመራ የተሰበሰበው በ1962 ነበር። ከእሱ የተገኘው ታክሶል ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደው በ1992 ነው። 30 ዓመት ተፈትኖ፣ መጠኑና ጉዳቱ ታውቆ! ከቅርፊት መድኃኒት ይወጣል፤ ግን ፈተናውን ሲያልፍ ብቻ።

ነገሩ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግፊት ሕመም ሳያሰማ የሚገድል በሽታ ነው። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ የሐኪም ኪኒኑን ያቆመ ሰው፣ ስትሮክ እስኪጥለው ድረስ የተሻለው ይመስለዋል። ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ለእናት ለአባታችሁ መላክ ካማራችሁ የግፊት መለኪያ ላኩ፤ የታዘዘላቸው ኪኒን እንዳይቋረጥም የወር ወጪውን ሸፍኑ። ያ ፍቅርም ነው፣ ሕክምናም ነው።